እዮብን በዕድሜ ልበልጠው ነው

ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና ያፈላችሁ ሲኒያችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ጊዜ የሌላችሁ መጨረሻውን ብቻ አንብባችሁ እለፉ፣ አልቀየምም።

ዛሬ ነሐሴ 12፣ የቡሄ ዋዜማ ነው። ስድስት ኪሎ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ውሎ ወደ ማታ ቆም አለ። ዝናቡ እስኪያባራ ሲቁነጠነጡ የነበሩት የሰፈር ልጆች ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ሆያ ሆዬው ከላይኛው መንገድ ጀመረ፣ እየቀረበ መጣ፣ እኛ ግቢ ደረሰ። ስድስት ናቸው። ትልቁ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ አውራጅ እሱ ነው። ተቀባዮቹ ግማሾቹ ግጥሙን በደንብ አያውቁትም፣ ግን ዱላውን መሬት ላይ ሲመቱት የሚያውቁ ይመስላሉ። ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩላቸው። ሲጨርሱ ከሁሉም ትንሹ እጁን ዘርግቶ ምን አለኝ?

"አባባ፣ ይስጡን!"

አባባ! ከነአንቱታው! "ጋሼ" ስባል ቆይቻለሁ፣ እሱን ለምጄዋለሁ። "አባባ" ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ ከኋላዬ ሆና ሳቋን ለቀቀችው። ሙልሙሉንም ብሩንም ሰጥቼ፣ ምርቃቴን ተቀብዬ ገባሁና መስታወት ፊት ቆምኩ። ጺሜ ላይ ያለው ሽበት ከባለፈው ዓመት ጨምሯል። ልጁ አልዋሸም።

በሌላ ቀን ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። ግን ነሐሴ 12 ለእኔ ሌላም ቀን ነው። የዛሬ 12 ዓመት፣ ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. እሑድ፣ እዮብ መኮንን ለሕክምና በሄደባት ናይሮቢ አረፈ። 37 ዓመቱ ነበር።

እኔ አሁን 37 ዓመቴ ነው። ጥቅምት ላይ 38 እሆናለሁ። እዮብን በዕድሜ ልበልጠው ነው ማለት ነው። ይሄ ነገር ከሰኔ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ለማታውቁኝ፦ የስፖርት ቲቸር ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ አስተምራለሁ። ፊሽካ አንጠልጥዬ፣ ቱታ ለብሼ የምዞረው ሰውዬ እኔ ነኝ። ኮተቤ ተምሬ በዲፕሎማ ነው የወጣሁት፤ ዲግሪዬን በማታ እቀጥላለሁ ስል ይኸው ስንት ዓመቴ። "ከርሞ" የምትለዋን ቃል እንደኔ የሚወዳት ሰው የለም። ዲግሪው ከርሞ፣ ጥርሴን መታከም ከርሞ፣ ከአባቴ ጋር ተቀምጦ ማውራት ከርሞ። ወደዚች ቃል እመለስባታለሁ።

እዮብን ያወቅኩት በሚሌኒየሙ ሰሞን ነው። "እንደ ቃል" የሚለው የመጀመሪያ አልበሙ በወጣ ጊዜ ኮተቤ ተማሪ ነበርኩ። ካሴት ሊሞት እያጣጣረ፣ ሲዲ እየነገሠ፣ ኤምፒስሪ ደግሞ ሁለቱንም ሊበላቸው እየመጣ ያለበት ጊዜ ነው። እኔ ሲዲ ማጫወቻ ስላልነበረኝ ካሴቱን ገዛሁ። ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሙዚቃ ቤት፣ ሻጩ ትልቁን ስፒከር ወደ መንገዱ አዙሮ እሱኑ እያስጮኸ ነበር። ሰው ታክሲ ሲጠብቅ ሳይታወቀው ጭንቅላቱን ይወዘውዛል። የምሳ ብሬን ከፍዬ ወደ ስድስት ኪሎ በእግሬ ወጣሁ። ያ ሙዚቃ ቤት ዛሬ የለም። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ አብሮ ሄዷል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ ቦታውን በትክክል ለማግኘት ዙሪያዬን ሳይ ቆይቼ አቅጣጫው ጠፋኝ።

ያን ጊዜ እኛ ልጆቹ ሬጌ ያበድን ነበርን። ጥር 1997 ላይ የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት መስቀል አደባባይ ሲከበር ከሰፈር ልጆች ጋር በእግራችን ወርደን ነበር። 17 ዓመቴ ነው። ያን ያህል ሰው በአንድ ቦታ አይቼ አላውቅም። ቦብ ራሱ ከሞተ ያን ጊዜ 23 ዓመት አልፎታል፤ በፈረንጆቹ 1981 በ36 ዓመቱ ነው ያረፈው። 36 ዓመት! እኛ ግን ፎቶውን ቲሸርታችን ላይ ለጥፈን ስንጨፍር በምን ዕድሜ እንደሞተ ጠይቀን አናውቅም። ለእኛ ቦብ ዕድሜ የለውም፤ ቦብ ቦብ ነው።

እዮብ ከዚያ በኋላ ሲመጣ ሬጌው በራሳችን ቋንቋ፣ በራሳችን ሰው፣ ዝግ ብሎ መጣልን። ጅጅጋ የተወለደ፣ ሲዘፍን የማይቸኩል ሰው። አስተውላችሁ ከሆነ እዮብ አይጮህም። አጠገባችሁ ተቀምጦ የሚያወራችሁ ነው የሚመስለው። ያን ጊዜ እኔ 19 እና 20 ዓመት ላይ ነኝ፤ ታላቅ ወንድም የለኝም፤ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ስለ ፍቅር፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ሕይወት ረጋ ብሎ የሚያወራኝ ትልቅ ወንድ ያገኘሁት በካሴት ነው። ሳቁብኝ ግን እውነቴን ነው። ልጅቷ ጥላኝ ስትሄድ ማንን እንደሰማሁ እኔና ያ ካሴት እናውቃለን።

እና ያ እሑድ መጣ።

መታመሙን ቀደም ብለን ሰምተናል። በድንገት ወደቀ፣ ስትሮክ ነው፣ ወደ ናይሮቢ ወሰዱት ተባለ። በየፌስቡኩ "ጸልዩለት" ነበር። እኔ 25 ዓመቴ ነው፤ ማስተማር ከጀመርኩ ጥቂት ዓመት ሆኖኛል፤ እዚሁ ስድስት ኪሎ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ማታ ጓደኛዬ ደወለ። "ሰማህ?" አለኝ። "ምኑን?" አልኩት። ዝም አለ። ዝምታው ነገረኝ። በዚያች ደቂቃ ግቢው ውስጥ የቡሄ ልጆች ይጨፍራሉ፤ አከራዬ እማማ ደግሞ "አንተ ልጅ፣ ውጣና ስጣቸው እንጂ!" እያሉ ይጣራሉ። ስልኩን በጆሮዬ እንደያዝኩ ወጥቼ ሰጠኋቸው። ምን እንደሰጠኋቸው አላስታውስም።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ያን ሌሊት ከልቤ አዝኛለሁ፤ ግን ውስጤ "ምነው በልጅነቱ" አላለም። 37 ዓመት ለ25 ዓመት ጎረምሳ ትልቅ ሰውዬ ነው። በእኔ ሂሳብ እዮብ ብዙ የኖረ ሰው ነበር። "እኔ እዚያ እስክደርስ ገና ስንት ዘመን አለኝ" ብዬ ያሰብኩ ይመስለኛል። እንዲህ ብዬ ባላስብ እንኳ የኖርኩት እንዲህ ነው።

ከዚያ በፊት በአራት ዓመት፣ በ2001 ዓ.ም. የፋሲካ ዕለት፣ ጥላሁን ገሠሠ ያረፈ ቀን የሆነውን ላንሳ። ያኔ ቤተሰቦቼ ዶሮ ማነቂያ ናቸው። ዶሮው ተሠርቷል፣ ዳቦው ተቆርሷል፣ ዘመድ ተሰብስቧል፤ ወሬው ሲሰማ አባቴ የያዘውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ ተነሣና ጓዳ ገባ። 55 ቀን ጾሞ የጠበቀውን ዶሮ አልበላውም። በኋላ ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ያ ግንባሩ የማይፈታ ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። አፍሬ ወጣሁ። ለዘመድ እንኳ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። ከቀናት በኋላ ድፍረት አግኝቼ "አባዬ፣ ግን ጥላሁንን በአካል ታውቀው ነበር እንዴ?" አልኩት። የመለሰልኝ ይኼን ነው፦

"እኔ አላውቀውም። እሱ ግን ወጣት ሆኜ ያውቀኛል። አሁን ወጣት ሆኜ የሚያውቀኝ ሰው እያለቀ ነው።"

አልገባኝም። ሽማግሌ ሲያወራ እንደሚባለው "እሺ አባዬ" ብዬ አለፍኩ።

አሁን ሳስበው አባቴ ከእኔ የተሻለ ዕድል ነበረው። ጥላሁን 68 ዓመት ኖሯል። ከሀገር ፍቅር ጀምሮ፣ ክቡር ዘበኛን አልፎ፣ ሦስት መንግሥት እያለፈበት ዘፍኗል። አባቴ ጎረምሳ ሳለ ጥላሁን ጎረምሳ ነው። አባቴ ልጆች ሲያሳድግ ጥላሁን ጎልማሳ ነው። አባቴ ጉልበቱን ማመም ሲጀምረው ጥላሁን በስኳር ሕመም እግሩን አጥቶ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖም መድረክ ይወጣ ነበር። ሰው እንዴት እንደሚያረጅ፣ ሲታመም እንዴት እንደሚቆም፣ ድምፅ ሲደክም ምን እንደሚደረግ አባቴ ከጥላሁን አይቷል። ማሕሙድ አህመድም እንደዚያው ነው። ዘንድሮ ጥር ላይ ከ80 ዓመት በላይ ሆኖት እዚሁ አዲስ አበባ ሕዝቡን ሲሰናበት አባቴ ቪዲዮውን ስልክ ላይ ደጋግሞ አየው። "አየኸው? ሸበተ እንጂ ልጅ ነው" አለኝ። ስለ ራሱ ነበር የሚያወራው።

የእኔ ዘፋኝ ግን 37 ላይ ቆመ። 40 እንዴት እንደሚኮን አላሳየኝም። 50ማ ጭራሽ።

እዮብ ብቻውንም አይደለም። በመንፈቁ ውስጥ፣ በ2006፣ ሚካያ በኃይሉ ተከተለችው፤ እሷም ገና ወጣት ነበረች። "እንደ ቃል"ን ያቀናበረው ኤልያስ መልካ መስከረም 23 ቀን 2012 ዓ.ም. አረፈ፤ ገና 40ዎቹን መጀመሩ ነበር። ኤልያስ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር፤ ቼሎ ነው የተማረው። ያሬድ ደግሞ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም። አንዳንዴ ከሰዓት በኋላ በአጥሩ ሥር ሳልፍ አንድ ልጅ ውስጥ ሆኖ ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ ሲለማመድ እሰማለሁ። ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ ይሳሳታል። ቆሜ እሰማዋለሁ። የእኔን ጎረምሳነት የቀመሩት ሰዎች አንድ በአንድ መሄዳቸው ያኔ ነው የሚታወቀኝ።

እና ወደ ዘንድሮ ልመለስ። ሁለት ነገር ሆነ። አንዱ የሚያስቅ፣ አንዱ የማያስቅ።

የሚያስቀው ግንቦት ላይ ነው። ሜዳ ላይ ልጆቹን 400 ሜትር እያስሮጥኩ፣ ሰዓት ይዤ፣ ሳላውቀው የእዮብን ዘፈን በአፍንጫዬ እያንጎራጎርኩ ነበር። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ ሮጣ ጨርሳ ትንፋሿን እየሰበሰበች አጠገቤ ቆመች።

"ቲቸር፣ የማን ዘፈን ነው?"

"የእዮብ መኮንን" አልኳት። ደስ አለኝ። እንግዲህ ላስተምራት ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"እእእ… አባቴ በጣም ይወደዋል!" አለችኝ።

አባቴ! ልጅቷ 17 ዓመቷ ነው። "እንደ ቃል" ሲወጣ ወይ አልተወለደችም፣ ወይ ጡት ትጠባለች። እሷ ጋ እዮብ የአባት ዘፋኝ ነው፣ ልክ እኔ ጋ ጥላሁን እንደነበረው። የአባቷን ዕድሜ ጠየቅኳት። "አርባ ምናምን" አለች፤ ለእሷ 41 እና 49 ልዩነት የላቸውም። እኔም በዚያ "ምናምን" ውስጥ ልገባ ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ። ሰዓቱን ማቆም ረስቼ የቀሩትን ሯጮች ውጤት አበላሸሁባቸው፤ እንደገና ሩጡ ብላቸው ሊበሉኝ ደረሱ።

የማያስቀው ሰኔ ላይ ነው።

የፈተና ወረቀት እያረምኩ ማጅራቴን ይይዘኝ ጀመር። ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል። ቡና ስላልጠጣሁ ነው እላለሁ፣ እጠጣለሁ፤ ቡና ስለጠጣሁ ነው እላለሁ፣ እተዋለሁ። አንድ ቀን ትምህርት ቤታችን ውስጥ ነፃ ምርመራ መጣ፤ መምህራኑ ተሰለፉ። እኔ ለሌሎቹ ምሳሌ ለመሆን ነው የተሰለፍኩት፤ የስፖርት ቲቸር ነኛ! ወረፋዬ ሲደርስ የምትለካው ልጅ ቀና ብላ አይታኝ ፈገግ አለች። የድሮ ተማሪዬ ናት፣ ነርስ ሆናለች።

ክንዴን አሠረች፣ ነፋች፣ ለቀቀች። ፈገግታዋ ጠፋ። "ትንሽ ዐረፍ በልና ደግሜ ልለካህ" አለችኝ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ደገመች። 165 በ105።

"ቲቸር፣ ዕድሜ?"

"37።"

ጻፈችው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ፣ "ቲቸር፣ ስለ ደም ግፊት ያስተማርከን አንተ አይደለህ እንዴ?" አለችኝ።

ነኝ። እኔው ነኝ። ጤናማ ግፊት 120 በ80 ገደማ ነው፤ ተደጋግሞ ሲለካ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ለስትሮክ ትልቁ መንገድ ጠራጊ እሱ ነው፤ ጨው ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ፣ ተለኩ፤ ብዬ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩ፣ ፈተና ያወጣሁ፣ የተሳሳተውን በቀይ ያረምኩ እኔ ነኝ። እኔ ራሴ ደግሞ ከዚያ በፊት በሁለት ዓመት መንገድ ላይ በተለካሁ ጊዜ "ከፍ ብሏል፣ ሐኪም ጋ ሂድ" ተብዬ ነበር። ምን አልኩ? ከርሞ።

ልብ በሉ፣ የእዮብ ሕመም ከምን እንደመጣ የሐኪሞቹና የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ እኔ ስለሱ ምንም አልልም። ግን 37 ተብሎ ወረቀቱ ላይ ሲጻፍ፣ አጠገቡ 165 በ105 ሲጻፍ፣ ሌላ ማንም ሰው ትዝ አላለኝም።

ሐኪም ጋ ሄድኩ። በቀን አንድ ኪኒን ታዘዘልኝ። "ሲሻልህ የምትተወው አይደለም፣ በየቀኑ ነው" አለኝ ሐኪሙ። "እስከ መቼ?" አልኩት። ሳቅ ብሎ "እስካለህ ድረስ" አለኝ። ኪኒኑን ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከፊሽካው ጋር ደበቅኩት። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ እስከዛሬ ድረስ አልነገርኳትም። ጠዋት መንገድ ላይ ነበር የምውጠው፤ አንዳንዴ የካቲት 12 ሐውልት ጋ ቆሜ፣ በሃይላንድ ውሃ፣ እንደ ሌባ ዙሪያዬን እያየሁ።

ለምን ደበቅክ ትሉኛላችሁ። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። አፍሬ ነው። የስፖርት መምህር ነኛ። በ25 ዓመቴ ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጌ እንጦጦ ድረስ ሮጬ፣ ተመልሼ፣ ታጥቤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ የምደርስ ሰው ነበርኩ። አሁን ከልጆቹ ጋር ግማሽ ዙር ሮጬ "እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ ሰዓት ልያዝ" የምለው ሰውዬ ነኝ። ሰዓት ያዥ ከሆንኩ ቆየሁ እኮ! ለባለቤቴ ከነገርኳት ደግሞ ነገሩ እውነት ይሆናል። ኪኒኑ ቦርሳ ውስጥ እስካለ ድረስ እኔ ገና ያ እንጦጦ የሚወጣው ልጅ ነኝ።

እዮብ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ሲሠራው የነበረው ሁለተኛ አልበሙ ወጥቷል። ርዕሱ "እሮጣለሁ" ነው። ሲወጣ ሰማሁት፣ ወደድኩት፣ ስለ ርዕሱ ብዙም አላሰብኩም። በዚህ ክረምት ግን አንድ ማታ በስልኬ ከፍቼ ርዕሱን ሳየው ዝም ብዬ ቀረሁ። ሰውየው በሕይወት የለም፣ "እሮጣለሁ" ይላል። እኔ በሕይወት አለሁ፣ ቆሜያለሁ።

ወደ ዛሬ ማታ ልመልሳችሁ። ልጆቹ ሙልሙላቸውን ይዘው ከሄዱ በኋላ መስታወት ፊት ቆሜ ሳለ ባለቤቴ መጣች። አሁንም እየሳቀች ነው። "አባባ፣ ሻይ ላቅርብሎት?" አለችኝ። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። አይታኝ ሳቋን አቆመች። "ምነው? ምን ሆንክ?" አለችኝ።

ቦርሳዬን አመጣሁ። ፊሽካውን አወጣሁ፣ ሰዓቱን አወጣሁ፣ ከዚያ ኪኒኑን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

አነበበችው። ብዙ ነገር ጠብቄ ነበር፤ ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች፣ ትኮሪፋለች ብዬ። የጠየቀችኝ ግን "የዛሬውን ወስደሃል?" ብላ ነው። "ጠዋት ስላልወጣሁ አልወሰድኩም" አልኳት። ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ። ስውጠው ቆማ አየችኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያኮረፈችው፤ አሁን ይኼን ስጽፍ ጓዳ ሆና ዕቃ በኃይል እያስቀመጠች ነው። ተገቢ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ለብቻዬ ፈርቼ እሷን ከፍርሃቴ ያወጣኋት መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን "ታዲያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ብትወድቅ ለሐኪሙ ምን ብዬ ልነግረው ነበር?" ስትለኝ መልስ አጣሁ።

የአምስት ዓመት ልጃችን ኪኒኑን አይታ "ባቢ፣ ምንድን ነው?" አለች። "እንዳልቸኩል የሚያደርገኝ ነው" አልኳት። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም እንጃ። እሷ ግን ገባት መሰለኝ "እሺ" ብላ ሙልሙሏን መግመጥ ቀጠለች።

የአባቴን ንግግር አሁን ነው የተረዳሁት። "ወጣት ሆኜ የሚያውቀኝ" ያለው ገብቶኛል። እዮብ እኔን ወጣት ሆኜ ነው የሚያውቀኝ። 20 ዓመቴ፣ የምሳ ብሬን ለካሴት የሰጠሁ፣ በእግሬ ከፒያሳ የወጣሁ። ከጥቅምት በኋላ ያለውን እኔን አያውቀውም። ሽበቴን፣ ኪኒኔን፣ "አባባ" መባሌን አያውቅም። እስከዛሬ ታላቄ ነበር፤ ከእንግዲህ እሱ እዚያው 37 ላይ ይቆየኛል፣ እኔ እያለፍኩት እሄዳለሁ። አንድ ቀን፣ እግዜር ካለ፣ 60 ዓመቴ ላይ ሆኜ ስሰማው ልጄ ሊሆን በሚችል ወጣት ድምፅ ነው የምሰማው። ታላቅ ወንድሜ ልጄ እስኪሆን ድረስ መኖር እፈልጋለሁ። ይኼን ጮክ ብዬ ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ ይኸው እዚህ ጻፍኩት።

ነገ ቡሄ ነው። በጠዋት ተነሥቼ ወደ ሽሮ ሜዳ እወጣለሁ። እንጦጦ አልደርስም፤ ሐኪሙም ቀስ ብለህ ጀምር ብሎኛል። እስከምችለው እራመዳለሁ። ከዚያ ከሰዓት አባቴ ጋ እሄዳለሁ፤ ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ነው ያለው፣ በታክሲ ሦስት ቦታ ያስቀይራል፣ በዚህ ሰበብ ስንት ጊዜ ከርሞ ብዬዋለሁ። ሙልሙል ይዤለት እሄዳለሁ። እግረ መንገዴን ግፊት የመጣብኝ ከእሱ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፤ እሱም እንደኔ ደብቆ ሊሆን ይችላል።

እናንተ ደግሞ፣ በተለይ እናንተ "እንደ ቃል"ን በካሴት የገዛችሁ፣ አሁን በ30ዎቹና በ40ዎቹ ያላችሁ፦ ተለኩ። ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ግቡ፣ አምስት ደቂቃ ነው። አጠገባችሁ ያለ ሰው ፊቱ በአንድ ጎን ከወረደ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ደግሞ "ትንሽ ይረፍ" ብላችሁ አታስተኙት፣ ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት፤ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ኪኒን የደበቃችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አውጡት። ኩርፊያው ያልፋል። የኔም እያለፈ መሰለኝ፣ ቡና ስትቆላ ሸተተኝ።

እዮብን ነፍስ ይማር። ለሁላችን መልካም ቡሄ፣ ለከርሞም በሰላም ያድርሰን። ይቺን "ከርሞ" ብቻ ነው ያስቀረኋት።